ጠጋ የማይሉለት ሰው

"ጠርሙሱን እዚህ ይተዉት እናቴ፤ ይዘው መግባት አይቻልም።"

እማማ ወየው ከቦርሳቸው ያወጡትን የውኃ ጠርሙስ ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው የስቴዲየሙን ፈታሽ ቀና ብለው አዩት። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው አይገፋም፣ አይጮህም፤ ለቀብር የመጣ ይመስል ዝም ብሎ ቆሟል።

"የእኔን ብቻ ነው ወይስ የሁሉንም ነው የምትቀበሉት?"

"የሁሉንም ነው።"

"የላስቲኩንም?"

"የላስቲኩንም የብርጭቆውንም።"

"ድንጋይስ?"

ፈታሹ ሳቁ መጣበት። "ድንጋይ ይዘዋል እንዴ?"

"እኔማ በምን አቅሜ! ሌላው እንዳይዝ ብዬ ነው እንጂ። ደህና አድርገህ ፈትሽ የኔ ልጅ፤ ኪስ ኪሱን እይልኝ። ዕድሜ ይስጥህ።"

ጠርሙሱን አስረክበው ገቡ። ከአርብ ጀምሮ ሲያስፈራቸው የነበረው ይኸው የጠርሙስ ነገር ነበርና ትንሽ ቀለላቸው።

በሰፈሩ እማማ ወየው የተባሉት ያለ ነገር አይደለም። ሕፃን ሲያስነጥስ ወየው፣ በር ሲንኳኳ ወየው፣ ስልክ ሲጠራ ወየው ነው። ስልኩ ሳይጠራ ከዋለም ወየው ነው። ዘንድሮ ግን የምር ወየው የሚያሰኝ ነገር ገጥሟቸዋል። ልጃቸው የእግር ኳስ ክለቡ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ክለቡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከርሞ ከሰንጠረዡ ግርጌ ተጋድሟል።

አርብ ዕለት ራት ላይ ልጅየው ሾርባውን እያማሰለ፣ "እሑድ ወደ ደጋፊው እንወርዳለን" አለ።

"ወዴት ነው የምትወርዱት?"

"ከጎሉ ጀርባ፣ ሰው መሀል። የቦርድ ሰብሳቢው ነው ያዘዘው። እናንተ ከክብር ወንበር ላይ ሆናችሁ ቡድኑ ሲሸነፍ ሕዝቡ ይናደዳል፣ ውረዱና ተቀላቀሉ አለን።" አንድ ማንኪያ ጎረሰ። "እኔን ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ከተቀበሉኝ እቀጥላለሁ። ካልተቀበሉኝ ሰኞ ጠዋት መልቀቂያ አስገባለሁ።"

ይህን ሲናገር ድምፁ ነገ ዝናብ ይጥላል እንደሚል የሬዲዮ ሰው ነበር። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"የልጆቹ ትምህርት ቤትስ? የቤቱ ኪራይስ?"

"እንግዲህ" አለ።

እማማ ወየው የሚፈሩት ይህችን "እንግዲህ" ነበር። ይህ ልጅ ድሮ ሲስቅ ስቅ እስኪለው ነበር፤ ጀርባውን መትተው፣ ውኃ አጠጥተው ነበር የሚያስተዉት። አሁን ከሥራ ሲመጣ በሩን ዘግቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የወለቀውን ጫማ ሲያይ ይቀመጣል። ሰሞኑን ትንሿ ልጁ የወለቀ የፊት ጥርሷን ይዛ እየሮጠች መጥታ መዳፉ ላይ ብታስቀምጥለት፣ "ጎበዝ" አለና ከሳንቲሙ ጋር ኪሱ ከተተው። ጥርሱ የተገኘው ሱሪው ሲታጠብ ነው። ልጅቷ ወደ አያቷ መጥታ፣ "አባዬ ጥርሴን ምን አለው?" ብትላቸው፣ "በጣም ወደደው" ብለው ዋሹላት።

ቅዳሜ ጠዋት ምራታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ክንዳቸውን ይዛ፣ "እማማ፣ እርስዎ ጸልዩ። ጠጋ እንዲሉለት ብቻ ጸልዩ" አለቻቸው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ብቻ ጸለዩ። ጸሎቱ ግን ጠርሙሱን ከዓይናቸው አላጠፋውም። ልጃቸው ሰው መሀል ቆሞ ጠርሙስ ግንባሩን ሲመታው ደጋግሞ ይታያቸዋል። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ "ጎረቤት ደርሼ ልምጣ" ብለው ነጠላ ጫማቸውን በሽፍን ጫማ ቀይረው ወጡ። ለማንም አልተናገሩም።

ከጎሉ ጀርባ ያለው መቀመጫ ጣሪያ የለውም። ወንበርም የለውም፤ እንደ ደረጃ ወደ ላይ የተደረደረ ረጃጅም ሲሚንቶ ነው። ሰው ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይቀመጥበታል። እማማ ወየው ጉልበታቸውን ይዘው ሲወጡ አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የደንብ ልብስ የለበሰች ወፍራም ሴት እጇን ዘረጋችላቸው።

"ይምጡ እማማ፣ ከኔ ጋ። ጠጋ እልልዎታለሁ።"

ጠጋ አለችላቸው። ከወዲያ ያለውም ጠጋ አለ፤ ቦታ ተገኘ።

"ብቻዎን ነው የመጡት? የተጫዋች እናት ነዎት እንዴ?"

"ኧረ እኔ የማንም አይደለሁም" አሉ እማማ ወየው።

"እኛም ዘንድሮ የማንም አይደለንም" አለች ትኬት ቆራጯና የኦቾሎኒ ወረቀቷን አቀረበችላቸው።

ዙሪያቸውን ቃኙ። የሚዘፍን የለም። ከበሮ መቺው ከበሮውን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

"ትሳደባላችሁ?" ብለው በቀስታ ጠየቁ።

"በፊት እንሳደብ ነበር። አሁን ማን ጉሮሮ አለው?"

"የሚወረወር ነገርስ…?"

ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ ዘወር አሉ። ጋሼ ፉጨት ይሏቸዋል፤ በሁለት ጣታቸው ሲያፏጩ ስቴዲየሙ የሚያስተጋባ ሰው ነበሩ። "እኅቴ፣ እዚህ ጥግ የቆየ ሕግ አለን" አሉ። "ባለሥልጣን ወደኛ ሲወርድ አንወረውርም፣ አንሰድብም። ከተቀበልነው ጠጋ እንልለታለን፤ አንድ ሰው ጠጋ ካለ ደግሞ ሁሉም ጠጋ ይላል። ካልተቀበልነው ዝም ነው። ንቅንቅ አንልም። ቆሞ ያያል።"

"እስከ መቼ?"

"ዳኛው የማብቂያውን ፊሽካ እስኪነፋ።"

"ቆሞ ማየት ብቻ ነው? ሌላ ምንም የለም?"

"ሌላ ምን ይምጣ?" አሉ ሽማግሌው ቅር ብሏቸው። "የቆመ ሰው ወደዚህ ክለብ ተመልሶ አያውቅም።"

የምራታቸው "ጠጋ እንዲሉለት" ያን ጊዜ ገባቸው። እፎይ ሊሉ ሲሉ ትኬት ቆራጯ፣ "ዛሬ በረዶውን ያመጡታል አሉ" አለች።

"በረዶው ማነው?"

"ሥራ አስኪያጁ ነዋ! በቴሌቪዥን አላዩትም? አምስት ሲገባብን ፊቱ ያው ነው። እኛ እንቃጠላለን፣ እሱ በረዶ ነው። ግድ የለውም።"

"ምናልባት ፊቱ ነው እንጂ ሆዱ…"

"ያውቁታል እንዴ?"

"በቴሌቪዥን" አሉና ኦቾሎኒ አፋቸው ከተቱ። ልባቸው ግን ሥራ ጀምራ ነበር። ወደዚህ ረድፍ ከመጣ እኔ ራሴ ጠጋ እላለሁ፤ ሽማግሌው አንድ ሰው ይበቃል ብለዋል፤ አንዷ እኔ ነኝ። እንዲህ ብለው ቆረጡ።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊዎቹ በታችኛው በር ገቡ። ሰብሳቢው የክለቡን ኮፍያ ደፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ ቀደመ።

"ወገኖቼ! አብረን ነን! ብንወድቅም አብረን ነው!"

"አንተ ምን አለብህ፣ ስትወድቅ ፍራሽ አለህ!" አለ አንዱ ከላይ።

ሰብሳቢው ከልቡ ሳቀ። "ፍራሹን ላካፍልህ ነው የመጣሁት!"

"ውሸታም ነው፣ ግን ያጫውታል" አሉ ጋሼ ፉጨት። ሰዎቹ ጠጋ አሉለትና ሰብሳቢው ከላይኛው ረድፍ ተቀመጠ። የክለቡ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋም ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ደረጃውን ስትወጣ ሰው ፈገግ አለና ጠጋ አለላት።

ከዚያ ልጃቸው መጣ። ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ጠዋት ራሳቸው ናቸው የቦረሹለት። ከታችኛው ረድፍ ጀምሮ፣ "ይቅርታ፣ ቦታ ይኖራል?" እያለ ይጠይቃል። ሰው ሣሩን ያያል። አንድም ክፉ ቃል አልወጣም። የሚቀጥለው ረድፍ ላይ ደርሶ፣ "ይቅርታ፣ ቦታ ይኖራል?" አለ። እዚያም ሣሩን ያያሉ። ሰው በር ላይ ቆሞ መንገድ እንደሚጠይቅ እንግዳ ድምፁን ዝቅም ከፍም ሳያደርግ ጠየቀ፣ ጠየቀና በመጨረሻ ከእናቱ ረድፍ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ መወጣጫው ላይ ቆመ። እናቱን አላያቸውም። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

ኳሷ መረቡ ውስጥ ገባች። እዚያው አፍንጫቸው ሥር ነው የገባችው። ማንም "ውይ" አላለም። አንዱ ሰዓቱን አየ። ትኬት ቆራጯ የኦቾሎኒ ቅርፊት ከቀሚሷ ላይ አራገፈች።

"ወየው! ገባች?" አሉ እማማ ወየው።

"ገባች።"

"ጥሩ ነዋ!"

"እኛ ላይ ነው እኮ የገባችው እማማ።"

ዝናብ ጣለ። ሰው በላስቲክና በጋዜጣ ራሱን ሸፈነ፤ ትኬት ቆራጯ ጃኬቷን አውልቃ በራሷና በእማማ ወየው ላይ ዘረጋች። ልጃቸው ግን ኮሌታውን እንኳ ወደ ላይ አላደረገም። ውኃው ከፀጉሩ ወደ ቅንድቡ፣ ከቅንድቡ ወደ አገጩ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። ገና በልጅነቱ ይህን ጭንቅላት ስንት ጊዜ በፎጣ አድርቀዋል! ዝናብ የነካው እንደሆነ ደረቱን ያመዋል። ትክ ብለው ተመለከቱት። አፍሮ እንደሆነ ሊያዩ ፈለጉ። ቢያፍር ደግ ነበር፤ ሰው የሚያፍረው ሲሰማው ነው። አላፈረም።

በዚህ መሀል ሰብሳቢው ከላይኛው ረድፍ አጨበጨበና ጠራው። ልጅየው ቀና ሲል ሰብሳቢው በሁለት ጣቱ የራሱን ከንፈር ግራና ቀኝ ለጥጦ አሳየው። ፈገግ በል፣ ሰላም በላቸው ማለቱ ነው።

ልጅየውም ታዘዘ። ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን አነሳ፤ ፈገግ አለ።

እማማ ወየው ወየው ለማለት እንኳ አቃታቸው። ያቺ ፈገግታ የልጃቸው አልነበረችም። ሰው ላይ እንደ ካፖርት ተሰቅላ የምትውል ዓይነት ነገር ናት፤ ከኋላዋ ማንም የለም። ጠርሙስ ቢመታው ይደማ ነበር፤ ደሙን ይጠርጉለት ነበር። ይህንን በምን ይጠርጉታል?

"ኧረ ይሄ ሰውዬ ታሟል" አለች ትኬት ቆራጯ፤ የቆመውን ሰው ትኩር ብላ እያየች። "ጋሼ፣ ተዉ እንጂ፤ እንዴት እንዲህ እንስቅበታለን?"

"እሱ ነው እንጂ የሳቀው፣ እኛ መች ሳቅን?" አሉ ጋሼ ፉጨት።

"እሱስ ቢሆን እናት የለውም? እኔ እንጃ፣ ሆዴ አልቻለም።"

ከዚህ በላይ ምክር አልጠየቀችም። ጃኬቷን ለእማማ ወየው ትታ፣ ወፍራም ዳሌዋን እንደምንም አንቀሳቅሳ ወደ ቀኝ ጠጋ አለች። ከወዲያ ያለውም እያጉረመረመ ጠጋ አለ። ከኋላ፣ "ማነው ጠጋ ያለው?" የሚል ተሰማ። ጋሼ ፉጨት ዘወር ብለው ክፍተቱን አዩና ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ "እንግዲህ ካላችሁ" አሉ። ከላይ ሰብሳቢው ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን አሰገገ።

በትኬት ቆራጯና በእማማ ወየው መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ሲሚንቶ ባዶውን ቀረ። ዝናቡ ወዲያው ያርሰው ጀመር።

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ትኬት ቆራጯ ተጣራች። "ና፣ እዚህ ተቀመጥ!"

ልጅየው ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። ፈገግታው አሁንም ፊቱ ላይ ነው። አንድ ደረጃ ወጣ።

እማማ ወየው ሰኞን አሰቡ። ዛሬ ከተቀመጠ ሥራው ይቀጥላል። ኮቱን ቦርሸው ይሰጡታል። ማክሰኞም ይቦርሻሉ። ያቺን ፈገግታ በየጠዋቱ ከቤት ይዟት ይወጣል፣ በየማታው ይዟት ይገባል፤ አንድ ቀን ራት ላይም ለትንሿ ልጁ ያሳያታል። ምራታቸው ክንዳቸውን የያዘችበት ቦታ ገና ትኩስ ነው። ኪራዩ አለ፤ ትምህርት ቤቱ አለ። ምራታቸው ይህን ብትሰማ በምን ዓይኗ እንደምታያቸውም ያውቁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት በአንድ ወጥ ቤት ሊቆሙ ነው።

ልጅየው ሁለተኛውን ደረጃ ሲወጣ እማማ ወየው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ተደግፈው፣ ብድግ ሳይሉ፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫቸው ተንሸራተው ወደ ክፍተቱ ገቡ። እርጥቡ ቀሚሳቸውን አልፎ ተሰማቸው። ከግራቸው ያለው ጎረምሳ ስልኩን እያየ፣ እግሩን ዘርግቶ እሳቸው የለቀቁትን ሞላው።

"እማማ!" አለች ትኬት ቆራጯ በሹክሹክታ። "ለሱ እኮ ነው የለቀቅሁት!"

"አውቃለሁ" አሉ።

ያን ጊዜ ልጃቸው አያቸው። ሻሻቸውን፣ ጃኬቱን፣ የተቀመጡበትን አየ። የተነሳው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ፈገግታውም ከፊቱ ወረደና አፉ ባዶውን ቀረ፤ አንዴ እንደ መክፈት አለ፣ ሊጠራቸው።

እማማ ወየው ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ሣሩ ላይ ተከሉ። ንቅንቅ አላሉም።