የሳፊዬ እጅ ጽሑፍ

ፅናት ስክሪኑ ላይ ያለችውን የላቲን ፊደል ኤፍን (f) በማውሱ ይዛ ወደ አይ (i) ስታስጠጋት፣ የኤፍ ቆልማማ አናት የ«አይ»ን ነጥብ ዋጠው። መልሳ አራቀቻት። በእንግሊዝኛ ቢሆን ማንም አያስተውለውም ነበር። በቱርክኛ ግን ነጥብ ያላት አይና ነጥብ የሌላት አይ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ነጥቧ ከጠፋች ስሙ ሌላ ይሆናል።

ስሙ ሳፊዬ ነው። ሳፊዬ የአቶ ኔጃቲ ሚስት ነበረች፤ ቱርክ ሞታ ቱርክ የተቀበረች፣ ጆሃንስበርግን ረግጣ የማታውቅ ሴት። አቶ ኔጃቲ በጆሃንስበርጉ ፎርድስበርግ ሰፈር ሶፋ ሲያለብሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው የሚስታቸው ጽሑፍ ያለባቸውን ፎቶግራፎች ፅናት እስከምትኖርበት ትሮይቪል ሰፈር ድረስ ይዘው መጥተው፣ «ከእጅ ጽሑፏ የኮምፒውተር ፊደል ሥሪልኝ፤ ለልጆቼ የፎቶ መጽሐፍ ላሳትም ነው» አሏት። ፅናት ሥራዋ ፊደል መቅረፅ ነውና ቀላል መስሏት ተቀበለች።

ቅርጹ አላስቸገራትም። ያስቸገራት ክፍተቱ ነው። ሴትየዋ አንዱን ፊደል ከጎረቤቱ ታጣብቃለች፣ ሌላውን ታርቃለች፤ ያ ካልተስተካከለ የእሷ አይመስልም። ፅናት አስተካክላ ስትልክላቸው አቶ ኔጃቲ በፊደሉ አንድ ገጽ ይጽፉና፣ የእሷ ያልመሰላቸውን ቦታ በቀይ ከበው ይመልሱላታል። ቱርክኛ ስለማታውቅ የምታየው ክፍተቱን ብቻ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት የመጣው ገጽ ግን ፎቶ ነበረበት። ሰው የሌለበት ወጥ ቤት፣ የመስኮት ብረት፣ ከብረቱ ወዲያ ዝናብ። እንዲህ ያለ ብረት ጆሃንስበርግ ውስጥ የሌለበት ቤት የለም፤ ፎቶው እዚሁ የተነሳ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልኳ አስተረጎመችው።

«ዛሬ ዝናቡን በመስኮቱ አየሁት። በረደኝ፤ ኔጃቲ ሹራቤን አመጣልኝ።»

ወዲያው ደወለችላቸው።

«አቶ ኔጃቲ፣ ይሄ ከፎቶዎቹ ጀርባ የተወሰደ ነው?»

«አይደለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

«መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምጽፈው» አሉ፣ በተረጋጋ ድምፅ። «ፊደሉ እሷን እየመሰለ ሲመጣ ግን፣ ጣቴን ኪቦርዱ ላይ ሳሳርፍ እሷ የምትለው ይመጣል። የቀረው ስሟ ብቻ ነው። ኤፍን ከ«አይ» አጣብቃ፣ ነጥቡን ወደ ጎን ወርውራ ነበር የምትፈርመው። እሱን አስተካክይልኝና በራሷ ስም ትፈርም።»

ፅናት «አስብበታለሁ» ብላ ዘጋች።

እናቷ ደስታነሽ፣ ከከተማው ዳር ቮስሎሩስ ወዳለው ሱቃቸው ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ማሚ፣ ሽማግሌው የሞተች ሚስታቸው የምትጽፍላቸው ነው የሚመስላቸው። ኢትስ ሶ ክሪፒ፣ ያስፈራል።»

ደስታነሽ መጥታ ስክሪኑን አየች። «በኢየሱስ ስም! እስካሁን የሞተ ሰው እጅ ነው ስትሠሪ የከረምሽው?»

«ፎንት ነው፣ ማሚ፤ የኮምፒውተር ፊደል። ጀስት ኤ ፎንት።»

«ላንቺ ነዋ። እሳቸው ግን ብቻቸውን ያሉ ሰው ናቸው። እባክሽ እንዳታባብሺባቸው» ብላት ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ገጽ ገባ። ፎቶው የእነፅናትን የግቢ በር ያሳያል። ከመንገዱ ማዶ የተነሳ ነው። በሩ ላይ የቆሻሻ በርሜሉ ቆሟል፤ በርሜሉን ደግሞ ፅናት ራሷ ያወጣችው ዛሬ ነው። ከሥሩ ያለውን አስተረጎመችው።

«ልጅቷ የምትኖረው እዚህ ነው። ጥሩ ልጅ ናት። ስሜን ትሰጠኛለች።»

ፅናት ለምን እንዳደረገችው ሳታውቅ ኤፍን ይዛ እስከ መጨረሻው አጣበቀቻት፤ ነጥቡን ወደ ቀኝ ወረወረችው። ምንም አልለካችም። ስሙ ስክሪኑ ላይ አሁን የተጻፈ ያህል እርጥብ መስሎ ቆመ፤ ልክ የሴትየዋ ፊርማ። ከኋላዋ የቆመ ያለ መሰላት፤ ዞር አላለችም። ክፍተቱን ወደነበረበት መለሰችው፣ ሴቭ አደረገችው፣ ቁልፍ ይዛ ወጣች።

አቶ ኔጃቲ ከመንገዱ ማዶ ስልካቸውን በደረታቸው ይዘው ቆመዋል።

«ጨረስሽው?»

«አልሠራውም» አለች። «ስሟን ራሷ ከጻፈችበት ፎቶ ላይ እናነሳዋለን። ይግቡ፣ አብረን እንምረጥ።»

ሽማግሌው አጠገባቸው ያለ ሰው እንደሚያማክሩ ሁሉ ወደ ጎን ዞር አሉ። ከዚያ መንገዱን ተሻገሩ። ፅናት በሩን ከፍታ አሳለፈቻቸው፤ እሳቸው እንደገቡ ግን፣ ከኋላቸው ሌላ ሰው እንዳይከተል ትንሽ እንኳ ሳትቆይ ቆለፈችው።