ቀበሮ ተሰምቷል

በጥብቁ ደን መግቢያ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት በጥበቃነት የሠራ አንድ ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። ወሬኛ ሆኖ አይደለም፤ ጉሮሮው ውስጥ የማይገኝ የአውሬ ጣቢያ ስለሌለ ነው። ጅብ ሲሉት ያሽካካል፤ ነብር ሲሉት ደረቅ ግንድ በመጋዝ እንደሚቆርጥ ሰው ትንፋሹን እየሳበና እየለቀቀ ያጓራል፤ ቀበሮ ሲሉት አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ሲያላዝን የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይነሳበታል። አለቃው ሳይቀር እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ሬዲዮን ክፈቱልን» ይላል። እሱም መከፈቱን ይወደዋል።

ከሁሉ የምትበልጥ አድማጩ ግን አንዲት ልጁ ነበረች። ትንሽ ሳለች አንድ አውሬ ሳያሰማት ማንኪያ አፏ አይገባም። አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናውን ስትመርጥም የዱር እንስሳትን ድምፅ መረጠች። «አባዬ፣ ለዚህ ያበቃኸኝ አንተ ነህ» ስትለው ደረቱ ተነፋ፤ ያን ሰሞን ለወጣ ለገባው ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

የጥናቷ ርዕስ የቀበሮ ጥሪ ነበር። አባቷ የሚጠብቀው ደን እያለ ሌላ ቦታ ምን ያስኬዳታል! የድምፅ መቅጃዋን፣ የጆሮ ማዳመጫዋንና ጠጉር የለበሰውን ማይክሮፎኗን ተሸክማ መጣች። እናቷ ማይክሮፎኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አይታ «ይሄ ደግሞ ይናከሳል?» አለች፤ ሦስቱም ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ልጅቷ ጎህ ሊቀድ ሲል እየተነሳች ከገደሉ አፋፍ ካለው ቋጥኝ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ትመለሳለች። እርግብ ቀረጸች፣ ዝንጀሮ ቀረጸች፣ ከተራራው ማዶ ካለው የድንጋይ ካባ የሚወጣ የከባድ መኪና ጩኸት ቀረጸች። ቀበሮ ግን የለም። አንድ ሳምንት፣ አምስት ሳምንት፣ አሥር ሳምንት።

«አባዬ፣ አሉ አይደል?» ትለዋለች።

«አሉ እንጂ! የት ይሄዳሉ? ታገሺ ብቻ።»

ይህን ሲላት ዓይኗን አያይም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ካባው በደማሚት ድንጋይ ማፈንዳት ከጀመረ ወዲህ ሬዲዮ የቀበሮ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሦስት ዓመት አልፎታል። በየወሩ መጨረሻ ግን አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ላይ የአውሬዎቹ ስም ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት «ታይቷል»፣ «ተሰምቷል» ወይም «የለም» ተብሎ ይጻፋል። መጀመሪያ ወር ላይ «ለጊዜው ሸሽተው ነው፤ ይመለሳሉ» ብሎ ቀበሮ አጠገብ «ተሰምቷል» ሲል ጻፈ። በሚቀጥለው ወር ያለፈውን ገለበጠ። ከዚያማ እጁ ለመደ። «የለም» ብሎ ቢጽፍ «ሃያ ሰባት ዓመት ምን ስትጠብቅ ኖርክ?» የሚባል መሰለው።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ፣ ልጅቷ ወጥ ቤት ውስጥ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሰማ። «ጊዜዬ አለቀ፣ እማዬ። ባዶ ቴፕ ይዤ ምን ብዬ ልመለስ? ሰነፍ ናት ነው የሚሉኝ» ትላለች። በጓሮ በር ዞሮ ሳይታይ ወጣ።

በማግስቱ የጥበቃ ተራው ነበር። ጎህ ሊቀድ ሲል የበሩን ሰንሰለት ቆልፎ ገደሉ ሥር ወረደ። ቋጥኙ ከበላዩ ነው፤ ልጁ እዚያ ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ተቀምጣለች። ከቁጥቋጦ መሃል ተንበረከከ፤ መዳፎቹን አፉ ላይ ገጥሞ አንገቱን ቀና አደረገና አላዘነ። አንዴ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ። ከዚያ እንደ ሌባ አጎንብሶ ወደ በሩ ተመለሰ።

ልጅቷ እየሮጠች ደረሰች። ጫማዋ በጤዛ ርሷል፤ ፊቷ በርቷል። «አባዬ! ሰማህ? ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ።

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ስትለቀው ዞር ብሎ የጉልበቱን ጭቃ በእጁ አራገፈ።

አንድ ቀን ብቻ ነበር ሐሳቡ። እሷ ግን «አንድ ቅጂ አይበቃም፤ ደግሞ ቢጮህልኝ!» አለች። እና ደግሞ ጮኸላት። ስምንት ቀን ሙሉ ጮኸላት።

ወደ ትምህርት ቤቷ ከመመለሷ በፊት ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ወላጆቿን አስቀመጠቻቸው። ድምፁ በስክሪኑ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት መስመር ወደ ላይ ሽቅብ ትላለች።

«ይቺን አያችሁ?» አለች በእርሳሷ እየነካች። «ፉጨት ናት። እስከ ዛሬ ከተቀረጹት የቀበሮ ጥሪዎች በአንዱም ላይ የለችም። ለግልገሎቻቸው የሚሰጡት ምልክት ትመስለኛለች። አማካሪዬ ስትሰማ ታብዳለች!»

ሬዲዮ መስመሯን አየ። ምላሱ ሳያዘው አምና ወደተነቀለችው የፊት ጥርሱ ቦታ ሄደ። ከጥርስ ነቀላው ወዲህ ሲናገርም፣ ሲጮህም፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ በዚያች ክፍተት ንፋስ ሾልኮ ያፏጫል። ልጁ በእርሳስ የምትነካካው የእሱን ድድ ነበር።

«ልጄ…» አለ።

«ወይ አባዬ?»

«አይ… ውሃ ስጪኝ ልልሽ ነው።»

ጽሑፏን በመምህራኗ ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። እናቷ ጉንፋን ይዟት ቀረች፤ ሬዲዮ አንድ ለእናቱ የሆነውን ኮቱን ለብሶ ብቻውን በአውቶቡስ ሄደ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ሠላሳ ያህል የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ ሸራ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ቆማ ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥሎ ድምፁን ከፈተችው።

ከአዳራሹ አራቱም ማዕዘን፣ ገደል ሥር ተንበርክኮ ያወጣው ድምፅ መጣ። ሰዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ፉጨቷ ስትመጣ አንዱ መምህር ጭንቅላቱን እየወዘወዘ ጻፈ። ሬዲዮ ጫማውን ነበር የሚያየው።

አማካሪዋ፣ ሽበት የጣለባቸው ቀጭን ሴትዮ፣ ተነሱ። «ይህን ጆሮ ያወረሷት አባቷ እዚህ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን እነዚህን እንስሳት የጠበቁ ሰው ናቸው። እባክዎ ብድግ ይበሉልን!»

ተነሳ። አጨበጨቡለት። ልጁ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። እጅ መንሳት የፈለገ መስሏቸው ይሆናል እንጂ አንገቱ ነበር ቀና አልል ያለው።

ጭብጨባው ሲበርድ፣ ከኋላ የተቀመጠ ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ እጁን አወጣ። «እኛንም ነው የገላገለችን። የድንጋይ ካባው ቀበሮዎቹን ሳያባርር አይቀርም የሚል ስጋት ነበር። የጥበቃዎቹ የወር ሪፖርት 'ተሰምቷል' ይላል፤ አሁን ደግሞ ማስረጃው በድምፅ አለ። ስለዚህ ካባው እንዲሰፋ የቀረበውን ጥያቄ የምናቆምበት ምክንያት አይኖርም።»

ሬዲዮ እንደቆመ ነበር፤ ያኔ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሠላሳ ሰው ያየዋል፤ ልጁ ፈገግ ብላ ታየዋለች። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ሲያስበው ፊቱን በሁለት እጁ የሚያስሸፍነው ገደል ሥር መንበርከኩ አልነበረም፤ ይህች መቀመጥ ነበረች።

የነገራት ውጭ ነው፣ ከሕንፃው ጀርባ መኪና የሚቆምበት ግቢ ውስጥ። ጓደኞቿ ፎቶ ሊያነሷት ሲጠሯት «አንዴ» ብሎ ክንዷን ይዞ ወሰዳት።

«ያ ድምፅ የቀበሮ አይደለም» አላት።

«እ?»

«እኔ ነኝ። ገደል ሥር ሆኜ እኔ ነኝ የጮህኩት።»

ሳቀች። «አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ አትቀልድ!»

ዙሪያውን ቃኘ፤ ሁለት ተማሪዎች መኪና ተደግፈው ያወራሉ፤ አንድ ሹፌር መስታወት ይወለውላል። መዳፎቹን አፉ ላይ ገጠመና አላዘነ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን እስከ መጨረሻው። ተማሪዎቹ ዞር ብለው ሳቁ። ሹፌሩ «እሰይ!» አለ።

ልጁ አልሳቀችም። «ድገመው» አለች።

ደገመው።

«አፍህን ክፈት።»

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ኮት ለብሶ፣ በሰው ፊት አፉን እንደ ሕፃን ከፈተላት። ክፍተቷን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ስሰማው ልጅነቴ ትዝ ብሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቋጥኙ ላይ ሆኜ ዕንባዬ መጣ። ደስታ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ስታለቅሺ ሰምቼ፣ ሆዴ አልችል ብሎ…»

«እውነተኛውን ከሰማህ ስንት ጊዜህ ነው?»

የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

«ስንት ጊዜህ ነው አልኩህ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ሪፖርቱ ላይስ?»

ለልጄ ብዬ ነው ማለት ለስምንቱ ቀን ይሆናል፤ ለሦስቱ ዓመት አይሆንም። እሷም ገባት። «እንግዲያ ባዶው ቴፕ ነበር ትክክለኛው» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ። «አሥራ አንድ ሳምንት የቀረጽኩት መጥፋታቸውን ነበር። እኔ ግን ሰነፍኩ ብዬ አለቀስኩ።»

ከዚያ ወደ ሕንፃው ዞረች። «ይከተሉኝ» አለችው።

ልጁ ከተወለደች ጀምሮ «አንተ» እንጂ «እርስዎ» ብላው አታውቅም። አክብሮት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከኋላዋ ደረጃውን ወጣ።

አማካሪዋ ቢሯቸው ውስጥ ነገሩን ሁሉ ቆመው ሰሙ። አልጮኹበትም፤ ቢጮኹበት በወደደ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥተውት «ከመቼ ጀምሮ እንዳልሰሙ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። ወር በወር» አሉት። ሠላሳ ስምንት ወር ነበር። እሱ ሠላሳ ስምንት ጊዜ «የለም» ብሎ ሲጽፍ ልጁ መስኮቱ ጋ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ያ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ገና ከግቢው ስላልወጣ ተጠርቶ መጣ፤ ወረቀቱን አነበበ፤ ቀና ብሎም አላየው።

የልጅቷ ጽሑፍ ተሰረዘ። ምረቃዋ በአንድ ዓመት ተገፋ። እንደገና ወደ ደኑ መጣች፤ በቋጥኙ ላይ ሌላ አሥራ አምስት ሳምንት ተቀመጠች፤ የማዳመጫዋ ባዶነት በሙሉ፣ ከነደማሚቱ ፍንዳታ፣ አዲሱ ጽሑፏ ሆነ። ያኔ ያረፈችው አባቷ ቤት ሳይሆን በደኑ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የካባው መስፋፋት ቆመ፤ ማፈንዳቱ ግን አልቆመም። ቀበሮዎቹም አልተመለሱም።

ሬዲዮ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሪፖርት መሙላቱም ለሌላ ጥበቃ ተላለፈ። ባልደረቦቹ መጀመሪያ ሰሞን ሲያልፍ «ቀበሮ ተሰምቷል!» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ በኋላ ሰለቻቸው። አለቃው ግን እንግዳ ሲመጣ መጥራቱን ተወ። ቢጠራውም እምቢ ይል ነበር። ባለቤቱ አንድ ቀን «አንተ ሰው፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ ተኮራምተህ የምትኖረው? በድለሃል፤ ጨርሰህ ተናግረሃል፤ በቃ» አለችው። «ጨርሼ አልተናገርኩም» አላት፤ አዳራሹ ውስጥ መልሶ መቀመጡን ነገራት። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። እሷም ክንዱን ዳበስ አደረገችው።

ልጅቷ ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ በየጊዜው ትመጣለች። ለእናቷ ስጦታ፣ ለእሱ የጉልበቱን መድኃኒት ታመጣለች። «ደህና ነዎት? ጉልበትዎን ተሻለዎት?» ትለዋለች፤ እሱም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል፤ ወሬያቸው እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ቀን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲሸኛት፣ ሻንጣዋን አንጠልጥሎ አስፋልቱን ሊሻገር አንድ እግሩን አወረደ። የመኪናውን ጥሩምባ አልሰማውም፤ ጆሮው እንደ ዱሮው አይደለም።

«አንተ! መኪና!» ብላ እጅጌውን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው።

መኪናው ኮቱን ሊነካው ምንም ሳይቀረው አለፈ። ሁለቱም ቆመው ተነፈሱ። ልጅቷ እጅጌውን አልለቀቀችም። ምን ብላ እንደጠራችው ልብ ትበል አትበል አላወቀም፤ ለመጠየቅም አፈረ። መንገዱ ጭር ሲል እጅጌውን እንደያዘች አሻገረችው፤ ሻንጣዋን ተቀበለችውና ተራዋን ልትይዝ ሄደች።