ተግደርዳሪዋ ዕጩ

«ወንጌላዊት፣ ለፕሬዚዳንትነት ተጠቁመሻል። ትቀበያለሽ?» አለቻት ኢማኒ፣ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ በላይ እንደ ጭልፊት አንዣብባ።

ዓርብ ቀትር ነው። ሳን ሆዜ ባለው ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አባላት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍላቸው ታጭቀዋል። ክፍሏ ሠላሳ ሰው ትይዛለች ተብሎ በሯ ላይ ተለጥፏል፤ ያን ዕለት ግን ዘጠና ሰው ውጣለች። ከፊሉ ወንበር ላይ፣ ከፊሉ መስኮት ደፍ ላይ፣ የተረፈው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሟል፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሁሉም ይወድቃል። ይኼ ሁሉ ዓይን ወደ ወንጌላዊት ዞረ።

ወንጌላዊት ይህችን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቃት ኖራለች። ወንበር ስትደረድር፣ ፒዛ ስታዝ፣ ቁልፍ ያዡን ስትለማመጥ፣ በሐሳቧ ፕሬዚዳንት ሆና ስንቱን ስብሰባ መርታለች። ብትመረጥ ምን እንደምትሠራም አሳምራ ታውቃለች። የማኅበሩ ስብሰባ ሁልጊዜ ምሽት ላይ ስለሆነ፣ እንደ እሷ ከኦክላንድና ከዚያም ወዲያ በባቡር የሚመላለሱ ልጆች አይገኙም። ማኅበሩ ግቢ ውስጥ የሚያድሩት ልጆች ብቻ ማኅበር ሆኖ ሊቀር ምንም አልቀረው። የዛሬውን ቀትር ላይ ያስደረገችው እሷ ናት፤ ክፍሏ ያለ ልማዷ ከአፍ እስከ ገደፏ የሞላችውም ለዚሁ ነው። ሌላው ዕጩ ዴሾን መልካም ልጅ ነው፣ ንግግርም ያምርበታል። ግን አልጋው ከዚህ ክፍል አምስት ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ባቡር ያመለጠው ሰው ምን እንደሚሆን በወሬም አልሰማ።

ልቧ «አዎ» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። አፏ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ እዚያው ሥርዓት የተማረ፣ በደንብ የተቆነጠጠ አፍ ነው።

«ኧረ እኔ አልችልም» አለ አፏ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ኢማኒ።

«ከእኔ የሚሻል ስንት ሰው እያለ።»

«እና አትፈልጊም ማለት ነው?»

«አይ፣ እኔስ ይቅርብኝ» አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አራተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመረች።

እንግዲህ ያደገችበት ቤት ሕግ እንዲህ ነው። አንደኛው እምቢታ ለጨዋነት፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፣ ሦስተኛው ለወግ። አራተኛው ላይ «በሞቴ» ይመጣል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ክንድሽን ይይዛል፤ እየተጎተትሽ፣ «ኧረ ተው» እያልሽ፣ የፈለግሽው ቦታ ላይ ትቀመጫለሽ። መግደርደር ማለት ይኼ ነው። ያለ እሱ የተበላ እህል እንኳ ሆድ ውስጥ ገብቶ «እንዴት ሳይለምኑኝ ገባሁ» ብሎ ያኮርፋል።

ኢማኒ ግን «እሺ» አለችና ጻፈች።

«እሺ» ትንሽ ቃል ናት፤ ስትወድቅ ድምፅ የላትም። ወንጌላዊት ቀና ብላ ግራና ቀኝ አየች። ክንዷን የያዘ የለም። ዴሾን ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ «እቀበላለሁ፣ ደግሞም በጣም እፈልገዋለሁ» ብሎ ተነሣ፤ ቤቱ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። ምን ታድርግ፣ እጆቿ እንደ አፏ የተቀጡ ናቸው።

ባቡሩ ከሳን ሆዜው ቤሪየሳ ጣቢያ ሲነሣ ወንጌላዊት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ኢማኒም የኦክላንድ ልጅ ናትና ዓርብ ዓርብ አብረው ነው የሚመለሱት። ማዶ ኮረብታዎቹ ቢጫቸውን ለብሰው እንደ ተኛ አንበሳ ተጋድመዋል። ባቡሩ ከፍ ብሎ ሲሄድ ለወንጌላዊት የሚሄደው እሱ ሳይሆን አገሩ መሰላት፤ ቤቱም፣ ዛፉም፣ መጋዘኑም ወደ ሳን ሆዜ እየተንሳፈፈ ለስብሰባ ይቸኩላል። ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ ፉርጎው ራሱ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ሻንጣ የያዘው ሽማግሌ፣ ሕፃን ያቀፈችው ሴት፣ ሳይክል የተደገፈው ጎረምሳ፣ ሁሉም የማኅበሩ አባል ናቸው። «የምትደግፉኝ እጃችሁን አውጡ» አለቻቸው። ውጭ የሚያልፉት ነጫጭ ወፎች ሳይቀሩ አንዳንድ ክንፋቸውን አነሡ። ቆጠረቻቸው፤ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ተርፏል።

«እያለቀስሽ ነው ወይስ እየሣቅሽ?» አለች ኢማኒ።

ወፎቹ ክንፋቸውን አወረዱ።

«ኢማኒ፣ እኔኮ አይ አላልኩም» አለች ወንጌላዊት።

ኢማኒ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች። «ሦስት ጊዜ ብለሻል። ይኸው፣ ሦስት ጭረት።»

«አዎ፣ ግን አይ ማለቴ አይደለም። እኛ ጋ አንድ ነገር አለ...» ወንጌላዊት መግደርደርን በእንግሊዝኛ ልትነግራት ሞከረች። አንዴ «ትሕትና» አለችው፣ አንዴ «ጨዋታ»፣ አንዴ «እየፈለግሽ አለመፈለግ»። ከፍሪሞንት ጣቢያ እስከ ሄይዋርድ ጣቢያ ቃል ስትፈልግ ሄደች።

«እየፈለግሽ የማትፈልጊ ከሆነ ውሸት ነዋ» አለች ኢማኒ።

«ውሸት አይደለም። ሁሉም ሰው ያውቃልኮ።»

«እኔ አላውቅም። ዘጠናውም ሰው አያውቅም።» ኢማኒ ወረቀቱን አጠፈች። «ስሚ፣ ስምሽን የጠቆምኩት እኔ ነኝ፤ አይ ስትዪ ከማንም በላይ የከፋኝ እኔ ነኝ። ሕጋችን ዛሬ ከሰዓት በኋላ እስከ አምስት ሰዓት ሐሳብ መቀየር ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ስሞቹ ይዘጋሉ፣ ዴሾን ብቻውን ይወዳደራል። ግን ራስሽ ነሽ መጻፍ ያለብሽ፣ ግሩፕ ቻቱ ላይ፣ ሁሉም እያየ። እኔ ልጽፍልሽ አልችልም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ብትጠይቂኝስ?»

«ሦስቴ ጠየቅኩሽ።»

«አራተኛውን ነው የምልሽ።»

ኢማኒ እንደ እብድ አየቻት። ሆዷ ግን በዚሁ መሀል ጮኸ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ወንጌላዊት የአክስቷን ምግብ ቤት አነሣችና «ነይ ምሳ ልጋብዝሽ» አለቻት።

«እሺ» አለች ኢማኒ፣ ሳታቅማማ። ወንጌላዊት በዚህች «እሺ» ቀናች።

የአክስቷ የወርቅዬ ምግብ ቤት ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ነው። ወንጌላዊትን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ከመስኮቱ ሥር ጋሽ ቡልቻ ተቀምጠዋል። ታክሲያቸውን ከበር አቁመው ለአሥር ደቂቃ ብለው ይገባሉ፤ አሥሯ ደቂቃ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ትሞላለች። እሳቸው የሚያወሩት ነገር ግማሹ ውሸት ነው፤ ሌላው ግማሽ ገና አልተጣራም።

ወንጌላዊት ለኢማኒ በየዓይነቱ አቀረበችላትና የሆነውን ሁሉ ለሁለቱ በአማርኛ ተረከች።

«ደግ አደረግሽ» አለች ወርቅዬ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ሰው እንዴት በገዛ አፉ ሹሙኝ ይላል? ከፈለጉሽ እንደገና ይለምኑሽ። ደግሞስ የጥቁሮቹን ማኅበር የምትመሪው አንቺ ምን ሆነሽ? ቀይ ዳማ አይደለሽ?»

«ተይ እንጂ ወርቅዬ» አሉ ጋሽ ቡልቻ። «አምና ፖሊስ ያስቆመኝ ጊዜ ጠይም ነኝ ብዬ ላስረዳው ፈልጌ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ጠይም በእንግሊዝኛ ምንድነው? እስክትነግሪኝ ድረስ እኔም የልጂቱ ማኅበር አባል ነኝ።»

ወርቅዬ ላለመሣቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አለች ወንጌላዊት።

«እኔማ ደግነትን አይቻለሁ። ደግነት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ኤል ሴሪቶ የምትኖር አንዲት ፈረንጅ ምሳ ጋበዘችው። ትበላለህ ስትለው፣ በልቻለሁ አላት። እሺ ብላ ሳህኑን አነሣች። ደግነት ሁለተኛውን ልመና ልጠብቅ ብሎ እዚያው ተቀመጠ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። ጺሙ የጠረጴዛውን እግር ሁለት ዙር ጠምጥሞታል። ሴትዮዋ ቤቱን ሸጣ ስትሄድ ከነወንበሩ ነው የሸጠችው። አሁን ደብዳቤ የሚደርሰው በዚያ አድራሻ ነው። ሲግደረደሩ ጦም ያድራሉ የተባለው ለሱ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሳይበላ?» አለች ወርቅዬ።

«ወንበሩን ትንሽ ትንሽ ይቆረጥመዋል።»

በዚህ መሀል ኢማኒ ጠግባ ሳህኗን ፈቀቅ አደረገችና አመሰገነች። ወርቅዬ ዘይት የጠጣ ምስር ጨመረችላት። ኢማኒ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «በእውነት በቅቶኛል» አለች። ወርቅዬ ጎመን ጨመረች። ኢማኒ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለች፣ እየሣቀች፣ ሦስት ጊዜ። ወርቅዬ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋችና፣ ያላትን እንግሊዝኛ ሁሉ አሰባስባ፣ «ፕሊስ፣ ኦን ማይ ዴዝ» አለቻት።

ኢማኒ ደንግጣ ጎረሰች። ከጎረሰች በኋላ ወደ ወንጌላዊት ዞረች። «አክስትሽ ልትሞት ነው እንዴ?»

«አይደለም። አራተኛው ነው።»

ኢማኒ ማላመጧን አቆመች። የመጣውን ምስርና ጎመን፣ ወርቅዬን፣ ከዚያ ወንጌላዊትን በተራ አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲበራ ታየ፤ በመስኮቱ የገባው የመስከረም ፀሐይም አብሮት የበራ መሰለ።

«ይኼን ነበር የምትጠብቂው» አለች። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔ እንደ አክስትሽ ተነሥቼ እንዳጎርስሽ።»

ወንጌላዊት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ያምራል። እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል።» ኢማኒ አፏን ጠረገች። «ግን እኔን እናቴ እንዲህ አላሳደገችኝም። ሰው አይ ሲልሽ እመኚው፣ አንቺም አይ ስትዪ ይመኑሽ ነው ያለችኝ። እኛ ቤት ይህቺ «አይ» የምትባል ቃል በነፃ አልተገኘችም። ስለዚህ አንቺ አይ ስትዪኝ አምንሻለሁ። አዎ ስትዪኝም አምንሻለሁ። በመሀል ያለውን ግን ልገምትልሽ አልችልም።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ቡልቻ።

ወንጌላዊት ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው የሚመልሱት ተረት ከኪሳቸው ፈለጉ፤ አላገኙም።

«ይህቺ ልጅ አዋቂ ናት» አሉ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ወንጌላዊት ስልኳን አወጣች። ምግብ ቤቱ ከዙሪያዋ ቀስ እያለ ራቀ፤ የሳህኑ ኳኳታ፣ የጎዳናው ጡሩምባ፣ የወርቅዬ ድምፅ ከውኃ ሥር እንደሚሰማ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዘጠና ስልክ በዘጠና ኪስ ሲተነፍስ ሰማች። አንዱ ባቡር ውስጥ ነው፤ አንዷ ፈረቃ ልትገባ ልብስ እየቀየረች ናት፤ አንዱ ሪችመንድ ደርሶ አውቶቡስ ይጠብቃል። እነዚህ ዛሬ ቀትር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ልጆች ናቸው። በሚቀጥለው ወር ስብሰባው ወደ ምሽት ሲመለስ ማናቸውም አይኖሩም።

«ቢያንስ ሰኞ ድረስ ጠብቂ» አለች ወርቅዬ፣ አሁን በለስላሳ ድምፅ። «እንዲህ ዘለሽ ስትገቢ ምን ይሉሻል?»

«ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል እትዬ።»

«እና ራስሽን ልታመሰግኚ ነው?»

«አይ። የምፈልገውን ልነግራቸው ነው።»

ወርቅዬ የኢማኒን ሳህን አንሥታ ወደ ጓዳ አመራች። ስትሄድ ትከሻዋ ተቆጥቷል፣ ከበሩ ስትደርስ ግን ቆም ብላ ወደ ኋላ አየች፤ በበሩ ተከልላም ቆመች፣ ልትሰማ።

ወንጌላዊት ጻፈች። «ሁላችሁም ካመናችሁበትና ሌላ የሚሻል ሰው ከጠፋ፣ ምናልባት እኔ...» አነበበችው። ደግነት ወንበሩን ሲቆረጥም ታያት። አጠፋችው። «አንዳንድ ሰዎች ስለገፋፉኝ...» ብላ ጀመረች። ማንም አልገፋፋትም፤ ኢማኒ ውኃዋን እየጠጣች በመስኮቱ ወደ ጎዳናው ነው የምታየው፣ ሆን ብላ። ይህንንም አጠፋችው።

በመጨረሻ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ይቅርታ፣ ዛሬ አይ ያልኩት በስሕተት ነው። ፕሬዚዳንት መሆን እፈልጋለሁ። ስብሰባችን ቀትር ላይ እንዲሆን፣ ባቡር ለሚያመልጠው ሁሉ በተራ ቤቱ የሚያደርስ ሹፌር እንዲኖር እፈልጋለሁ። ወንጌላዊት።»

«ላንብልሽ?» አሉ ጋሽ ቡልቻ፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«አይ ጋሼ፣ ጨርሻለሁ» አለች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሰች። ከፊት የተቀመጠችውን «ይቅርታ» አየቻት፣ አጠፋቻትና የቀረውን ላከችው።