ስህተት ፈላጊዋ ተማሪ

ታላቅየዋ ወንበሯን ስባ ከፊት የተቀመጠችው ለመማር አልነበረም፤ የታናሽ እህቷን ስህተት ለመልቀም ነበር። በልብስ ስፌት ፋብሪካው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትሰፋ ኖራለች። ታናሿን ከሦስት ዓመት በፊት እጇን ይዛ ያስቀጠረቻት እሷው ናት። አሁንስ? አዲሱ ባለ ኮምፒውተር የጥልፍ ማሽን የተሰጠው ለታናሽየዋ! ለእሳት አደጋ ሥልጠና ተመርጣ የተላከችው ታናሽየዋ! አርብ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ይሾማል። ታላቅየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ወንበር ነው፤ የሁሉም ዓይን ያረፈው ግን ማን ላይ እንደሆነ የታወቀ ነው።

ከሥልጠናው የተመለሰችው ታናሽየዋ አራት ቀይ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ደርድራ ለሠራተኞቹ ታስረዳለች።

"ይሄ የውሃ ነው፤ ለጨርቅ፣ ለወረቀት፣ ለእንጨት። ኤሌክትሪክ ላይ እንዳትረጩት፣ ይዟችሁ ነው የሚሄደው። የአረፋው ለነዳጅና ለቀለም ማቅጠኛ ነው። የዱቄቱ ሁሉንም ያጠፋል ማለት ይቻላል፤ ግን ብናኙ ማሽን ውስጥ ከገባ ማሽኑን እርሱት። ይሄ አፉ ሰፊና ጥቁር የሆነው ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲነድ እሱን አንሱ። አፉን ግን በእጃችሁ እንዳትይዙት፣ ቅዝቃዜው ቆዳ ይልጣል።"

ሴቶቹ "ወይ አንደበት!" ይላሉ። ፈገግታዋን እንጂ ሲሊንደሩን ያየ ማን አለ? ሥራ አስኪያጁማ ጥርሱን አልከደነም። ታላቅየዋ ብቻ ቆሽቷ እያረረ እያንዳንዷን ቃል ትለቅማለች። አሁን ትሳሳታለች፣ እዚች ጋ ትሳሳታለች እያለች ጆሮዋን ቀስራ ዋለች። ምን ያደርጋል፣ አንዲት ቃል አልሳተችም። እንግዲህ ቅናትም እንዲህ ጎበዝ ተማሪ ያወጣል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከጥልፍ ማሽኑ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ጭስ ወጣ፤ ወዲያው ነበልባል ተከተለ። ሴቶቹ እየጮኹ ወደ በሩ ተግተለተሉ። ታላቅየዋ ለአፍታ ቆማ አየችው። ቢነድስ? እሰይ፣ ይንደድ! አዎ፣ እንዲህ ብላ አስባለች፤ አንዋሽላትም። እግሯ ግን ሐሳቧን አልጠበቀም፤ ሮጣ የማሽኑን ኤሌክትሪክ አቋረጠች። ዞር ስትል ታናሿ የዱቄቱን ታቅፋ፣ ፒኑን ነቅላ፣ አፉን ወደ ማሽኑ አዙራለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ተይ! እሱን አይደለም!"

ታላቅየዋ ክንዷን ገፋ አደረገችና የጋዙን ከግድግዳው አወረደች። ፒኑን ነቅላ፣ እጀታውን ጨብጣ ከነበልባሉ ሥር ለቀቀችበት። እሳቱ ጠፋ፤ ማሽኑም ተረፈ።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ ደረሰ። ታላቅየዋ እሳቱን በጋዙ እንዳጠፋች ሲሰማ ቀጥ ብሎ ወደ ታናሽየዋ ሄደ።

"አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው! ታላቅሽን እንኳ ባለሙያ አደረግሻት!"

ጭብጨባው ቀለጠ። ታላቅየዋ ደሟ ፈላ። አስተማሪዋ ራሷ በድንጋጤ የገዛ ማሽኗን በዱቄት ልትቀብረው እንደነበር ከታላቅየዋ በቀር ያየ የለም። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይበቃ ነበር። ነገ አርብ ነው። ታናሿ የዱቄቱን እንደታቀፈች እንባዋን አቅርራ አየቻት። ታላቅየዋ ሲሊንደሩን ተቀበለቻት፣ ፒኑን ወደ ቦታው መለሰችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

አርብ ታናሽየዋ ተሾመች።

ወደ ቤት ሲሄዱ የታላቋን እጅ ያዘች።

"እትዬ፣ ለምን ዝም አልሽ? ብትናገሪ እኮ ወንበሩ ያንቺ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

ታላቅየዋ እጇን አላስለቀቀችም፤ ፊቷን ግን አዞረች።

"ብናገርማ ታለቅሻለሽ። ያ ሁሉ ሰው ከቦሽ 'አይዞሽ የኔ ቆንጆ' እያለ ሲያባብልሽ ቆሜ ልይ? እሱንስ አልችለውም።"