የገመዱ ሁለት ጫፍ

የኔትወርክ ባለሙያው ተንበርክኮ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ መልሶ ይሰካል። ከጀርባው፣ በሕንፃ ዕቃ መደብሩ ውስጥ፣ ደንበኛው ተሰልፎ ያጉረመርማል፤ የሽያጩና የመጋዘኑ ኮምፒዩተሮች ከጠዋት ጀምሮ እርስ በርስ መነጋገር አቁመዋል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ማሽኖቹ አርምሞ ገብተዋል ብሎ ቢቀልድም የሳቀለት አልነበረም።

የመደብሩ ባለቤት የባለሙያው አማት ናቸው። ኔትወርኩን የዘረጋው እሱ ስለሆነ፣ ሲበላሽ ወቀሳው እስከ ቤቱ ይከተለዋል። ዛሬ ግን የሽማግሌው ቁጣ ያረፈው በገንዘብ ተቀባይዋ ላይ ነበር። ገመዶቹ ከሚገናኙበት ማከፋፈያ አጠገብ የምትቀመጠው እሷ ናትና፣ ነካክታለች ብለው ዕቃዋን ሰብስባ እንድትሄድ አዘዋት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ሌሎቹም እዚያ ስታጎነብስ አይተናታል ማለት ጀመሩ።

የባለሙያው እጅ አንዲት አጭር ገመድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለእንግዳ ላፕቶፕ ብሎ አንድ ጫፏን ሰክቶ የተዋት ትርፍ ገመድ ነበረች፤ አሁን ግን ሁለቱም ጫፎቿ እዚያው ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል። የተላከው መልእክት ሁሉ በእሷ በኩል እየዞረ መንገዱን አጨናንቆታል። አማቱን ወደ አጠገቡ ጠራና፣ ዝግ ባለ ድምፅ ማን እንደሰካት ጠየቃቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ትናንት ስንዘጋ ተንጠልጥላ አየኋት። የተዝረከረከ ነገር እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ባዶ ቀዳዳ አገኘሁና ሰካኋት።»

«አባባ፣ የዛሬው ጣጣ የመጣው በዚህች ገመድ ነው።»

ነቀላት። ጥቂት ቆይቶ ማተሚያው ደረሰኝ መትፋት ጀመረ።

ሽማግሌው ጠጋ አሉት። «ገመድ ተቆርጦ ነው በላቸው፣ ልጄ። በሰው ፊት አታዋርደኝ። ለልጅቷ ሌላ ሥራ ይፈለግላታል።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ጃኬቷን ደርባ በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

«ተገኘ አይደል?» አለች ወደ ባለሙያው ዞራ። «እስቲ ቢያንስ ጥፋቴን አውቄ ልሂድ።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

አማቱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እሳቸውን አሳልፎ ለመስጠትም፣ በሐሰት ለመሸፈንም አንደበቱ እምቢ አለው። የመሣሪያ ቦርሳውን አንሥቶ ሄደና፣ ልጅቷ እንዳትወጣ በሩ መካከል አኖረው፤ ከጎኑም ቆሞ፣ አማቱ እስኪናገሩ ድረስ ጠበቀ።