ቁማር ያቆመው ኦይቫ

በፊንላንዷ ኢሳልሚ ከተማ ውስጥ ቁማር ያቆመ ሰው ብዙ ሊኖር ይችላል፤ ማቆሙን ከተማው ሁሉ እንዲያውቅለት ያደረገው ግን ኦይቫ ሃካላ ብቻ ነው። ኦይቫ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የወተት ፋብሪካው መኪኖች ሲበላሹ የሚጠግን መካኒክ። ከሦስት ዓመት በፊት የሐይቅ ዳር ጎጇቸውን ለቁማር ማሽን ካስበላ በኋላ ሚስቱ ሄልካ "ወይ ማሽኑ፣ ወይ እኔ" አለችው። ኦይቫም ሁለት ቀን ሙሉ ካሰበበት በኋላ ሄልካን መረጠ። እነዚያን ሁለት ቀናት እሷ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

ማቆሙንስ አቆመ። ዝም ብሎ ማቆም ግን አልሆነለትም። መጀመሪያ ለሥራ ባልደረቦቹ ተናገረ፤ ከዚያ ለጎረቤት፤ ከዚያ የአካባቢው ጋዜጣ መጥቶ ፎቶ አነሳው። ፎቶው ላይ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ጠላት ያባረረ ጄኔራል መስሎ ቆሟል። ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱ በዓመት አራት ጊዜ እየመጣ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው፤ በአንድ ንግግር መቶ ዩሮ፣ ቡናና ቀረፋ ያለው ዳቦ ታክሎበት። ሄልካ ጋዜጣውን ፍሪጅ ላይ አልለጠፈችውም። "ቦታ የለም" አለች። ፍሪጁ ላይ የነበረው አንድ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው።

ሆኖም ሄልካ ክፉ ሴት አይደለችም። ሦስተኛው ዓመት ሲሞላ፣ እስከዚያ በቦርሳዋ ይዛው የቆየችውን የባንክ ካርድ መለሰችለት። ኦይቫ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ይህ የሆነው ጥር ውስጥ ነው። የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ፣ ቅቤና ጥቁር ዳቦ ሊገዛ ሱፐርማርኬት ገባ። የቁማር ማሽኖቹ የተደረደሩት ከካሸሯ አለፍ ብሎ ነው፤ ሰው ዳቦውን ታቅፎ ሲወጣ የግድ በፊታቸው ያልፋል። ይህን ያሰበው ሰው ደመወዙ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ካሸሯ ለኦይቫ የሁለት ዩሮ ሳንቲም መለሰችለት።

ቆም አለ። ሦስት ዓመት የቻለን ሰው ሁለት ዩሮ ምን ያደርገዋል? እንዲያውም አንዴ ነክቶ ጥሎ መሄድ እንደሚችል ቢያረጋግጥ ለሚቀጥለው ንግግር ግሩም ምሳሌ ይሆነዋል። እናም ለሕዝብ ትምህርት ሲባል ሳንቲሙን ከተተ። ማሽኑ አርባ ዩሮ ተፋለት። ዕድለ ቢስነት ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱን ዩሮ ውጦ ዝም ቢል ኖሮ ኦይቫ ተሳድቦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

አርባውንም፣ ሌላ ስድሳም አስበልቶ ሲወጣ ቅቤውን ማሽኑ አናት ላይ ረስቶት ሄደ።

"ቅቤስ?" አለች ሄልካ።

"አልቋል አሉ።"

"ቅቤ? የወተት ፋብሪካ ባለበት ከተማ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ አልቋል አሉኝ።"

በአምስት ሳምንት ውስጥ ደመወዙ አለቀ፤ ከዚያ የስልክ ብድር ጀመረ። አንድ አጭር መልእክት ትልካለህ፤ ሻይህ ሳይበርድ ገንዘቡ ሒሳብህ ውስጥ ገብቷል። ለምን እንደፈለግኸው የሚጠይቅ የለም፤ ሚስትህ ታውቅ እንደሆነም ደንታ የላቸውም። ኦይቫ ዕድሜ ልኩን እንዲህ አክብሮ ያስተናገደው ድርጅት አላጋጠመውም። ወለዱን ያየው ግን ቆይቶ ነው። የመጀመሪያውን ብድር ሊከፍል ከሁለተኛው ተበደረ፤ ሁለተኛውን ሊከፍል ከሦስተኛው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር "የሥራ ነው" እያለ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ሄልካ የሆድ ድርቀት የያዘው መስሏት የፕሪም ጭማቂ ገዛችለት። ጠጣው። ምን ምርጫ ነበረው?

ሚያዝያ ሲገባ የንግግሩ ቀን ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን አሞኛል ብሎ ይቀር ነበር። ኦይቫ ግን መቶ ዩሮዋ ታስፈልገው ስለነበር ዓይኑን በጨው አጥቦ ሄደ። እንደዚያን ቀን ተናግሮ አያውቅም። ሳንቲሟ መዳፍ ውስጥ እንዴት እንደምትሞቅ፣ ሰው ከቤቱ እየወጣ "ዛሬ ብቻ" እንዴት እንደሚል፣ እየዋሸ ምላሱ እንዴት እንደሚደርቅ አንድ በአንድ ዘረዘረው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኢንኬሪ ሁለት መሐረብ አረጠበች።

"አቶ ኦይቫ፣ ዛሬስ ልዩ ነበሩ!" አለችው መቶ ዩሮዋን ስትሰጠው። "ትናንት የደረሰብዎት ነው የሚመስለው።"

ትናንት አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

ሰው ቡናውን ጠጥቶ ሲበተን አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ ቀረ። ታውኖ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነው። አርባ ዓመት የከተማውን ጥላሸት ሲጠርግ ኖሮ ጥፍሮቹ ሥር ዛሬም ጥቁር መስመር አለ። ከኪሱ ፖስታ አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋለት።

"ያዝልኝ" አለ።

"ምንድን ነው?"

"ስምንት መቶ ሃምሳ ዩሮ። ከቤት ኪራይ የተረፈ ጡረታዬ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ያ ማሽን ለምዶብኝ፣ ወሩ ሳይጋመስ ባዶ እጄን ያስቀረኛል። አንተ ያዝና በየሳምንቱ እየቆጠርክ ስጠኝ።"

ኦይቫ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። "ልጅ የለዎትም? ዘመድ?"

"ልጄ ስዊድን ናት። ብነግራት ታለቅሳለች። አንተ አታለቅስም።"

"ለሌላ ሰው ቢሰጡት አይሻልም?"

"አሁን አይደል እንዴ፣ እዚያ ላይ ቆመህ፣ 'ገንዘባችሁን ለምታምኑት ሰው አስረክቡ' ያልከው?" ታውኖ ተቆጣ። "ይኸው፣ እኔ የማምነው አንተን ነው።"

ኢንኬሪ የቡና ስኒዎቹን እየሰበሰበች ፈገግ ብላ ታያቸዋለች። ኦይቫ ፖስታውን ተቀበለ።

መንገድ ላይ ወጣ። በረዶው ቀልጦ የእግረኛው መንገድ ጭቃ ሆኗል። በማግሥቱ ከሦስቱ አበዳሪዎች አንዱ ስድስት መቶ ዩሮ ይጠብቃል። በኪሱ ስምንት መቶ ሃምሳ አለ። አእምሮው ያለ ማንም ግፊት ሥራውን ጀመረ፦ ከዚህ ስድስት መቶውን ይከፍላል፤ በተረፈው ትንሽ ቢሞክር ደግሞ ስድስት መቶውን ይመልሳል፤ ታውኖ በየሳምንቱ የሚፈልገው እኮ ትንሽ ነው። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ሲሠራ ኦይቫን የሚያህል የለም። ሒሳቡን ጨርሶ ቀና ሲል ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ነው።

ሁሉም ማሽኖች ተይዘዋል። ከአንዲት ሰማያዊ ኮፍያ ካደረጉ አሮጊት ኋላ ቆሞ ተራውን ጠበቀ፤ ጨዋ ሰው ነው። ፖስታውን አወጣ። በእርሳስ፣ ተማሪ እንደጻፈው በተስተካከለ ፊደል፣ "የሚያዝያ ምግብ" የሚል ተጽፎበታል።

አሮጊቷ ዘወር አሉ። "ውይ! እርስዎ ጋዜጣ ላይ የወጡት ሰውዬ አይደሉም?"

"ነ... ነኝ።"

"ጎበዝ! እኔም ልተወው ነው። ይቺን ብቻ ልጨርስ።" ከዚያ ፖስታውን አዩ፤ ማሽኑን አዩ፤ ፊቱን አዩ። "ምነው፣ ይጫወታሉ እንዴ?"

ምድር ብትውጠው በወደደ። "አይ፣ ኧረ... ጋሪ ልወስድ ነው" አለ። ያለው ውሸት እንዳይሆን ጋሪ ወሰደ። ጋሪ የወሰደ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ባዶውን ጋሪ እየገፋ በዱቄቱም፣ በዓሣውም፣ በሕፃናት ዳይፐሩም በኩል ዞረ። በመጨረሻ አንድ ቅቤ ገዛና፣ በአሮጊቷ በኩል ሳይሆን በሌላው በር ወጣ።

ሄልካ ወጥ ቤት ተቀምጣ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ትሞላለች። ኦይቫ ቅቤውንና ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይህን ያዢልኝ።"

"የማን ነው?"

"የታውኖ፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊው። አደራ ሰጥቶኝ ነው።"

"አደራው ላንተ ከሆነ እኔ ለምን እይዘዋለሁ?"

መቶ ሰው ፊት ቆሞ የሚያንበለብለው የኦይቫ አንደበት ተሳሰረ። ሄልካ እርሳሷን አስቀመጠች። ፊቱን አየችው፤ ስልኩን አየችው፤ የፕሪም ጭማቂውን ጠርሙስ አየችው።

"ስንት ነው?" አለች።

"ስምንት መቶ ሃምሳ።"

"የፖስታውን አልጠየቅኩህም።"

"ሰባት ሺህ ገደማ።"

"ገደማ ማለት ወደ ላይ ነው ወደ ታች?"

"ወደ ላይ።"

ሄልካ ተነሥታ ቅቤውን ፍሪጅ ውስጥ አስገባች። "ቅቤ ተገኘ ማለት ነው" አለች ጀርባዋን ሰጥታው። ከዚያም፣ "ንግግሩስ እንዴት ነበር?"

"ሰዉ አለቀሰ።"

"እኔም አለቅስልህ ነበር። ግን መቶ ዩሮ ይከፈለኝ።"

የታውኖን ገንዘብ ሦስት ጊዜ ቆጠረችው። አለመጉደሉን ስታረጋግጥ ትንሽ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያቸውን፣ አሞቀችና ብቻዋን ገባች። ኦይቫ በሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲፈላ እየሰማ ጠበቃት። ለሰዓት ያህል አልወጣችም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"እንፋሎቱ ነው" አለች። "ካርዱን አምጣ።"

በማግሥቱ ኦይቫን ይዛ ወደ ከተማው የዕዳ አማካሪ ሄደች። አማካሪዋ ጉንፋን የያዛት ሴት ነበረች፤ እያስነጠሰች የእያንዳንዱን ብድር ቀን ጠየቀችው፤ ኦይቫም እንደ ተማሪ እያስታወሰ መለሰ። አንዱን ብድር ሊዘል ሲሞክር ሄልካ በክርኗ ጎሸመችው። የኦይቫ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከነሞተሩ ተሸጠ። አማካሪዋ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድራ ወለዱን ካስቀነሰች በኋላ የቀረው በወር መቶ ሠላሳ ዩሮ፣ ለሦስት ዓመት እንዲከፈል ሆነ። ኦይቫ በሳምንት ሃያ ዩሮ የኪስ ገንዘብ ተወሰነለት፤ ሄልካ ደረሰኝ ትቀበላለች።

እውነቱ ሊነገራቸው የቀሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኢንኬሪ በስልክ ስትሰማ፣ "የሚቀጥለው ንግግር ፖስተር እኮ ታትሟል" አለች። ትንሽ አስባ ደግሞ፣ "ምናልባት ርዕሱን እንቀይረው ይሆን?" ኦይቫ አመስግኖ ዘጋው።

ታውኖ ዘንድ በእግሩ ሄደ። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

"ያን ቀን እዚያ ቆመህ ስታወራ ራስህ እየተጫወትክ ነበር?"

"ጠዋት ተጫውቻለሁ።"

"ፖስታዬስ?"

"ሄልካ ጋር ነው። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ከፈቀዱ እሷ ትያዝልዎት።"

"እሷ ትያዝ። እሷን አመስግንልኝ" አለ ታውኖ። "አንተን አላመሰግንህም።" በሩንም ዘጋ።

የሙቀቱ ወራት ሲመጡ ኦይቫ ከሥራ በኋላ የሰው ምንጣፍ ያጥብ ጀመር፤ አንዱን በስምንት ዩሮ። ማጠቢያው ሐይቁ ላይ የተዘረጋ የእንጨት መድረክ ነው፤ ከመድረኩ ጎን የሚዋኝበት ዳርቻ አለ። ስለዚህ ጋዜጣውን ያላየ ካለ፣ አሁን በአካል አየው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በጥድ ሳሙና አረፋ ተነክሮ፣ በብሩሽ ይፈገፍጋል። ምክር የማትሰጠው ሴት የለችም። "ጠርዙን ዘለልከው!" ትላለች አንዷ። "ሳሙና አትቆጥብ፣ አንተ አትከፍልበት!" ትላለች ሌላዋ። "ሲያቆምም በአደባባይ፣ ሲጀምርም በአደባባይ" ስትል የሰማት አለች፤ ብሩሹን ጠበቅ አድርጎ መፈግፈጉን ቀጠለ። መጀመሪያ ሰሞን እስከ ጆሮ ግንዱ ይቀላ ነበር። ኋላ ሥራው ብዙ ስለሆነ የሚቀላበት ጊዜ አጣ።

ሄልካ አልተወችውም። ይቅርም አላለችውም። አንድ ቀን ጠይቋት፣ "ሁለቱንም የማስብበት ጊዜ የለኝም፣ ደረሰኝ ስቆጥር ነው የምውለው" አለችው። ማታ ማታ ግን ሳሙና የቆረጠውን እጁን ቅባት ትቀባለታለች፤ እየተሳደበች።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ታውኖ አንድ ቀይ ምንጣፍ ትከሻው ላይ ተሸክሞ መድረኩ ላይ ብቅ አለ። በሩን ከዘጋበት ቀን ወዲህ ለኦይቫ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም። ገንዘቡን በየዓርቡ ከሄልካ እጅ ይቀበልና፣ ኦይቫን እንደ ኮት መስቀያ አልፎት ይሄዳል።

"የሚስቴ ነው" አለ፣ ምንጣፉን አውርዶ። "ራሷ ሸምናው ነው። ከሞተች ወዲህ አልታጠበም። ቀለሙ ይለቃል፣ ተጠንቀቅ።"

"እጠነቀቃለሁ።"

ታውኖ አልሄደም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፤ ኦይቫ ሲፈገፍግ ረጅም ጊዜ አየው።

"ከተውከው ስንት ቀን ሆነህ?"

"መቶ አሥራ ሁለት።"

"እኔ ትናንት ስድስት ዩሮ አስበላሁ" አለ ታውኖ ወደ ሐይቁ እያየ።

ኦይቫ ብሩሹን አቆመ። "ሄልካ አውቃለች?"

"ደረሰኝ አምጣ አለችኝ! ከየት አባቴ ላምጣ? ማሽኑ ደረሰኝ አይሰጥ።" ሽማግሌው ሊስቅ ብሎ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረበት፤ ጥላሸት ባልለቀቀው ጥፍሩ አፍንጫውን ጠረገ። "ምን ላድርግ? አንተ ታውቅ ነበር እኮ፣ ያን ቀን ሁሉንም ታውቅ ነበር።"

ኦይቫ አፉን ከፈተ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ተራቸውን ጠብቀው ቆመዋል፤ አንዱንም ማውጣት አልቻለም።

"አላውቅም" አለ። "ነገ ከሥራ ስወጣ ቤትዎ እመጣለሁ። ወደ ሱቁ አብረን እንሄዳለን፤ ዳቦ ገዝተን አብረን እንወጣለን። አንዱ ሲቆም ሌላው ይጎትታል።"

"ሁለታችንም ከቆምንስ?"

"ሄልካን ይዘናት እንሄዳለና።"

ታውኖ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ከተተ፤ መጥቶ የምንጣፉን አንድ ጫፍ ያዘ። ኦይቫ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ ጠመዘዙት። ቀይ ውሃ በእግራቸው ላይ ወረደ።

"ቀስ በል፣ አልኩህ እኮ" አለ ሽማግሌው። "ቀለሙ ይለቃል።"