የሰርጎ ገብ ሦስት ጥያቄዎች

መምህር ቃለሕይወት ከላሊበላ ብልባላ እስኪደርስ የተናደደባቸውን ነገሮች እንዘርዝር ብንል መሽቶ ይነጋል። በመኪናው ተናደደ፣ ዘግይቶ ተነሥቷልና። በኔትወርኩ ተናደደ፣ የአክስቱን የእትየ ስሜነሽን መርዶ አዘግይቶበታልና። ከሁሉ ይልቅ የተናደደው በራሱ ነበር፤ ይህንን ግን እንደ ልማዱ በሾፌሩ አላከከ። እናት አባቱ ከሞቱ በኋላ አዝላ ያሳደገችው ሴት ዛሬ ልትቀበር ነው። በሕይወት ሳለች ሳይጠይቃት ዓመታት አልፈዋል። አሁን የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሬዛዋን መሸከም።

ብልባላ መግቢያ ላይ መንገዱን የሚዘጋ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ አጠገብ የቀበሌው ኬላ ጠባቂ ፈንታው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ጌታው ከየት ነው?»

«ከዚሁ ነኝ። ቀብር ልደርስ ነው፤ ገመዱን አውርድልኝ።»

«የዚህ ሰውማ ገመዱን ተሻግሮ ያልፋል፤ አውርዱልኝ አይልም» አለ ፈንታው ሳይነሣ። «ሦስት ጥያቄ አለብዎት።»

ቃለሕይወት ክው አለ። ጥያቄዎቹን ያውቃቸዋል። ያወጣቸው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃለሕይወት በፌስቡክ ብዕሩ፣ በስብሰባ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ ሰርጎ ገብ የሚለውን ቃል ደግሞ እንደ እሱ የወደደው የለም። ውሃ መሬት ውስጥ እንደሚሰርግ ኮሽታ ሳያሰማ የሚገባ ማለት ነው እያለ ያስተምራል። ደረጃም አውጥቷል። መጤ ሲመጣ ያየነው ነው፤ ፀጉረ ልውጥ እያየነው የማናውቀው ነው፤ ሰርጎ ገብ ግን ሲገባ ያላየነው ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ዕረፍት አላገኘም። ወረፋ የቀደመው ሁሉ ሰርጎ ገብ ሆነ። በስብሰባ የተቃወመው መምህር ሰርጎ ገብ ሆነ። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ ጓዳ ብትገባበት «ውጪ፣ አንቺ ሰርጎ ገብ» ሲላት ሚስቱ ብርቅዬ ሰማች። «እሷስ ስትገባ ታይታለች፤ ባንተ ሕግ መጤ ናት» ብትለው ሲያኮርፍ ሰነበተ።

አምና ይህንን ሁሉ በጽሑፍ አደራጅቶ በየቀበሌው አስነበበ። ሰርጎ ገብ የሚለይባቸው ሦስት ጥያቄዎችም በውስጡ ነበሩ። ስም አጥንቶ መምጣት ቀላል ስለሆነ ሦስተኛዋን አስቦ ሲያገኛት በገዛ ብልህነቱ ተደንቆ፣ ብቻውን በተቀመጠበት አጨበጨበ።

«የአጥቢያዎ ቄስ ማን ናቸው?» አለ ፈንታው።

«አባ ተክለ ሚካኤል።»

«ነፍሳቸውን ይማር፤ ካረፉ ቆይተዋል። የቅሬያችን ዳኛስ?»

ቅሬው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ሬሳ የሚያነሣበት ማኅበር ነው፤ አለቃው ዳኛ ይባላል። ቃለሕይወት በልጅነቱ የሚያውቃቸውን ዳኛ ስም ጠራ።

«እሳቸውንም ቀብረናል። ይሁን፤ መጨረሻ የማንን ሬሳ ተሸከሙ?»

ቃለሕይወት በብዕሩ የብዙ ሰው ስም ቀብሯል፤ በትከሻው ግን ማንንም አላነሣም።

«ጥያቄዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አለ ሲጨንቀው።

«ትልቅ ሰው ነኝ ቢላችሁ አትመኑ፣ ይላል እዚያው ላይ» አለ ፈንታው።

በዚህ መሐል መቃብር ሲቆፍር የቆየው አብዱልሀሚድ አካፋውን ተሸክሞ ደረሰ። በወጣትነቱ ከወልዲያ መንገድ መጥቶ እዚሁ ሱቅ ከፍቶ የቀረ ነጋዴ ነው። ቃለሕይወት በጽሑፉ «በገበያ ዳር ሱቅ ከፍቶ ያለ ምክንያት የሚስቅ ነጋዴ ካያችሁ ተጠንቀቁ» ብሎ ነበር። ስም አልጠራም። ብልባላ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚስቅ ነጋዴ ግን አንድ ብቻ ነው።

«አብሽር መምህር፣ አላህ ያጽናህ» አለው። «ሳቁን ትቼዋለሁ። ሱቁ እንደሁ ቀዘቀዘ።»

«ይህንን ሰው ያውቁታል፣ ዳኛ?» አለ ፈንታው።

ዳኛ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አካፋ ተሸክሞ ከፊቱ ቆሟል።

«እትየ ስሜነሽ ያሳደገችው ነው። ዋሱ እኔ ነኝ፤ በእንግድነት ይግባ።»

እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ ለቃለሕይወት የገባው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። ከፊት አስቀመጡት፤ ብርድ እንዳይመታው ጋቢ ደረቡለት፤ ውሃ አቀረቡለት። ላግዝ ብሎ በተነሣ ቁጥር «ይቀመጡ፣ እንግዳ አይደሉ?» እያሉ መለሱት። ቢሰድቡት መልስ አያጣም ነበር። አክብሮትን በምን ይመልሱታል? ቃሬዛው ሊነሣ ሲል ግን ጋቢውን ጥሎ ብድግ አለ።

«አክስቴን እሸከማለሁ።»

«ሦስተኛውን ጥያቄ ያልመለሰ ቃሬዛ አይነካም» አለ አብዱልሀሚድ። «ያንተን ጽሑፍ ቅሬው ደንብ አድርጎታል። እኔ ብቻ ተቃውሜ ነበር፤ ተሸነፍኩ።»

«እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው ደንቆሮ ነው።»

«ለቅሶ ቤት ሰው አይሰደብም፣ መምህር።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። አብዱልሀሚድ ከፊት፣ ገመዱን ፈትቶ የመጣው ፈንታው ከኋላ ተሸክመዋል። ቃለሕይወት ከእንግዶቹ ጋር እንዲከተል ታዟል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፈንታው ትከሻ ሊቀይር ጎንበስ አለ። ቃለሕይወት ኮሽታ ሳያሰማ በሰው መሐል ሾልኮ በፈንታው ቦታ ከቃሬዛው ሥር ገባ። ሲገባ ማንም አላየውም፤ ያየውም ሰው ፊቱን አዞረ። ይህ ባወጣው ደረጃ ምን እንደሚባል ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለስንቱ ሲያለብሰው የኖረው ስም በልኩ የተሰፋ ሆኖ አገኘው።

ቃሬዛው ከገመተው በላይ ይከብዳል። እግሩ ድንጋይ እየመታ ተንገዳገደ።

«ከኋላ ማን ነው የሚያነክሰው?» አለ አብዱልሀሚድ ሳይዞር።

«ማንም የለም፣ ዳኛ» አለ ፈንታው ከጎን እየተራመደ። «እኔው ነኝ።»

አብዱልሀሚድ ከፊት ሆኖ እርምጃውን ቀነስ አደረገ።

«እንግዲያው ለዚያ ለሌለው ሰውዬ ንገረው» አለ። «እርምጃውን ከእኛ ጋር ያስተካክል። አክስቱን እየናጣት ነው።»

ቃለሕይወት እንባውን በትከሻው ለመጥረግ ቢሞክር ትከሻው ሥራ ላይ ነበር። እርምጃውን አስተካከለ።